የሙሉቀን ሽማግሌዎች

ይሻው መስታወት ፊት ቆሞ የእኅቱን ልጅ ሲያሞግስ ሚስቱ ውዴ ከኋላው ደረሰችበት። ነጩን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ «ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ከሥራው ላይ አይነሳም» እያለ ነበር። ውዴ የሻይ ብርጭቆውን የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና፣ መስታወቱ የሚሰጥህ ልጅ አለው እንዴ ብላ ሳቀችበት። ይሻው ጋቢውን የሚያስተካክል መሰለ። ከዚያ ሳቁ እሱንም ያዘውና ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ምላሱን አቃጠለ። ለሽምግልና በሚሄድበት ጠዋት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሻይ ያቃጥለዋል፣ የጫማው ክር ይበጠሳል፣ ውዴም ይህንን ስለምታውቅ ትርፍ ክር አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች።

ይሻው ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። የሥራው ጠባይ ወደ ንግግሩ ተጋብቶበት፣ ነገርንም እንደ ጨርቅ አስቀድሞ ካልለካ መቀስ አያነሳም። በሰፈሩ ለሽምግልና የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። የዛሬው ግን ከሌላው ጊዜ ይከብደው ነበር። ትናንት አመሻሹ ላይ ታላቅ እኅቱ እቴነሽ መጥታ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተከመረበትን አግዳሚ በእጇ ጠራርጋ ተቀምጣ፣ ልጇ ሙሉቀን ሐሙሲት ያለችውን ፋሲካን ካላገባ ዓይኑ ሌላ ሴት እንደማያይ ነግራዋለች። የልጅቷ አባት አቶ በላይነህ ከዚህ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰዋል። የባሕር ዳር ሰውም በዚሁ ወር ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ አለ። «ሀብት አያዩም አሉ» አለችው፣ «የሽማግሌውን ቃል ነው የሚያዩት። አንተ ደህና ልጅ ነው ካልህ ይሰጡሃል።» ይሻው እሺ አላት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው እቴነሽ ናት፤ ለእሷ ከእሺ በቀር ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

የሚኒባሱ ክላክስ ከበር ላይ ሲጮኽ ውዴ የጋቢውን ጫፍ ለመጨረሻ ጊዜ ጎተት አደረገችለት። ሙሉቀን መኪናውን አጥቦ፣ የወንበሮቹን ልብስ ቀይሮ፣ ራሱም ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ልብሱን የሰፋው ይሻው ነው። ትከሻው ላይ ትንሽ እንደ ጠበበው አሁን በብርሃን ሲያየው ታወቀው፤ ግን ዝም አለ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመው ተሳፍረዋል። የይሻው ነፍስ አባት መምሬ ጌጡ ከኋላ ሆነው ጥምጥማቸውን በመስኮቱ መስታወት ያያሉ። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የፊተኛውን ወንበር ይዘዋል። ሐጂ ኢድሪስና ይሻው ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው የሠሩ ናቸው፤ አንዱ ይሸጣል ሌላው ይሰፋል። ሽምግልናም ሲሆን አንዱ ይጀምራል ሌላው ይጨርሳል። ሙሉቀን ጋሼ እንዴት አደሩ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለና፣ ቀና ሳይል ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት። «እሺ እማ፣ ወጣን እማ፣ ጋሼም መጡ እማ» እያለ በአንድ እጁ መኪናውን አዙሮ ኮብልስቶኑን እያንገጫገጨ ወደ አስፋልቱ አወጣቸው።

የኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከከተማው እንደ ወጡ ከቅዳሴ የሚመለሰው፣ አህያ የሚነዳው ሰው የመንገዱን ዳርና ዳር ይዞ ይሄዳል። በመኪናው ውስጥ ጨዋታው ሞቅ አለ። ሐጂ ኢድሪስ የአቡጀዲ ዋጋ ከሰኞ እስከ ሰኞ እንደማይቆም፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ሜትሩን ስትሰማ ጨርቁን እንደ ትኩስ ድንች እንደ ጣለችው ተረኩ። መምሬ ጌጡ የጧፉም ነገር ያው ነው አሉ። ሙሉቀን ደግሞ የነዳጅ ወረፋን አነሳ፤ ከወረፋው ርዝመት የተነሣ ጎረቤት መኪና ውስጥ ልጅ ተወልዶ ክርስትና እንደ ተነሳ አድርጎ ሲያወራ ሁሉም ሳቁ። ጥሩ ተጫዋች ልጅ ነው። ይሻው ከኋላ ሆኖ ማጅራቱን እያየ፣ «ተጫዋች» የሚለውን ቃል ሊናገር ካሰበው ላይ መጨመር ይሻል እንደሆነ አሰበና ተወው፤ የልጅቷን አባት ተጫዋች ሲሉት ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ፋሲካ ናት። ሬዲዮው፣ አሽከርካሪዎች ሆይ መሪ ይዛችሁ ስልክ አታናግሩ የሚል ማስታወቂያ ያሰማ ነበር፤ ሙሉቀን ልጅቷ የምትለው አልሰማው ቢል ሬዲዮውን ቀነሰው። የት ደረሳችሁ አለችው። ከአለም በር ቁልቁለት በላይ ነን አላት። ምን ለብሰዋል ሽማግሌዎቹ አለችው። ቆይ ላሳይሽ ብሎ ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ወደ ኋላ አዞረው። መምሬ ጌጡ ጥምጥማቸውን አቀኑ። ይሻውም ሳያስበው ፈገግ ብሎ ተገኘ። ሐጂ ኢድሪስ ብቻ አልዞሩም፤ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው፣ በማይነዱት መኪና ወለሉን በቀኝ እግራቸው ደጋግመው ይረግጡ ነበር፤ ፍሬን እዚያ ያለ ይመስል። ቁልቁለቱን በዚህ ሁኔታ ወረዱ። ይሻው ስልኩን አስቀምጥ ሊለው ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ተመለሰ። ልጁ ነዳጁን በራሱ ችሎ፣ የእሑድ ገበያውን ትቶ የሚወስዳቸው ነው። በሰው መኪና ተቀምጦ አነዳድህ እንዲህ ነው ማለት ይከብዳል። የእኅት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዛሬ ደስ ሊለው የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ ሰው በሚጣላበት ሁሉ ገብተው የሚናገሩት ሽማግሌዎች፣ እንደ ልጃገረድ አቀርቅረው ተቀመጡ።

ወረታ መግቢያ ላይ ከፊት የመጣ አይሱዙ ትራፊክ አለ ለማለት መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገላቸው። ሙሉቀን ስልኩን ጭኑ ሥር ከተተ፣ ቀበቶውን ሳበ፣ ጀርባውን አቀና፤ ባንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆነ። ትራፊኩ ወደ ውስጥ ሲያይ አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂ፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌና ጨዋ ሹፌር አየና በእጁ እለፉ አለ። ሐጂ ኢድሪስ ከቁልቁለቱ ወዲህ መጀመሪያ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። «ያ ትራፊክ አብሮን ቢሄድ ጥሩ ነበር» አሉ። ሙሉቀን ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። ይሻውም ሳቀ። አደባባዩን ዞረው ወደ ሐሙሲት እንደ ታጠፉ ቀበቶው ተለቀቀ፣ ስልኩም ከጭኑ ሥር ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን ይሻው በኋላ ደጋግሞ ሲያስበው ጅማሬው እሱ ራሱ እንደ ነበር አይጠፋውም። ሜዳው ላይ ደርሰዋል። በግራም በቀኝም የታጨደ ሩዝ ነው፤ የመንገዱ ዳር ሁሉ ሸራ ተነጥፎበት ፍሬው ፀሐይ ይሞቃል። ይሻው አቶ በላይነህ ከቤተ ክርስቲያን ካልተመለሱ ደጅ ቆሞ መጠበቅ እንደሚያሳፍር ታወሰውና፣ እስቲ ልጅቷን ገብተዋል ወይ ብለህ ጠይቃት አለው። ሙሉቀን እሺ ጋሼ ብሎ ስሟን መፈለግ ጀመረ። ስሟ ስልኩ ውስጥ አለ፤ አውራ ጣቱ ግን ሌላ ሰው ላይ አረፈና እሱን አጥፍቶ እንደገና ፈለገ። ይህ ሁሉ አፍታ ነው። ከጎማው ሥር የነበረው የአስፋልት ድምፅ ድንገት ተቀየረ፤ እንደ አሸዋ ሿ አለ። ሐጂ ኢድሪስ ያ ረቢ አሉና የሌለውን ፍሬን በሁለቱም እግራቸው ረገጡት። ሙሉቀን የእውነቱን ረገጠ። የሆነ ነገር ከፊት ቀጭ አለ፣ መኪናውም ግማሽ አካሉ ሸራ ላይ ግማሹ አስፋልት ላይ ሆኖ ቆመ።

ከመኪናው ሲወርዱ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በትር ይዘው ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል፤ አጠገባቸው አንዲት ቀይ ዶሮ ትሮጣለች። ከፊተኛው ጎማ ሥር የተሰባበረ የፕላስቲክ ወንበር ወጥቷል። ሰውዬው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሩዙን ከወፍና ከከብት ሲጠብቁ ነው ያረፈዱት። የጎረቤት ዶሮ ሸራው ላይ ወጥታ ስትለቅም ሊያባርሩ ተነሡ፣ መኪናው ደግሞ ከኋላቸው መጥቶ ወንበሩን ወሰደው። ስማቸው አባ አዳነ መሆኑን የተረዱት ሰው ሲሰበሰብ በዚያ ስም ሲጠራቸው ነው። እሳቸው ግን አልጮኹም። ወንበሩን አዩ፣ መኪናውን አዩ፣ ከዚያ ከመኪናው የወረዱትን ጋቢና ጥምጥም ለብሰው የቆሙትን ሰዎች ከራስ እስከ እግር አዩ።

«ለልመና ነው እንዲህ አምራችሁ?» አሉ።

አዎ አባቴ አለ ይሻው። የማንን ልጅ ብለው አልጠየቁም። በበትራቸው ዶሮዋን አሳዩትና፣ «እሷን አመስግኑ። ባትመጣ ኖሮ ይሄኔ የምትሄዱት ለደም ዕርቅ ነበር» አሉት።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ጎንበስ አሉ። ሌላ ጊዜ ሰው አጥፍቶ እነሱን ይልካል፤ ዛሬ ለራሳቸው ጥፋት የሚላክ ሽማግሌ አልነበረምና እነሱው ለመኑ። መምሬ ጌጡ መስቀላቸውን አውጥተው ስለ እግዚአብሔር አሉ፣ ሐጂ ኢድሪስ ስለ አላህ አሉ፣ ይሻው ምንም አላለ፤ ለሐሙሲት ለክቶ የቆረጠው ንግግር ሁሉ እዚህ የሚገጥም ሆኖ አላገኘውም። ሙሉቀን ከኋላቸው ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል። አባ አዳነ ወንበሩ ያረጀ ነው፣ የሰው ነፍስ ካልጠፋ ምን አለ፣ ሩዙን ብቻ ወደ ቦታው መልሱልኝ አሉ። አራቱም ተንበርክከው ከአስፋልቱ ላይ ሩዝ በመዳፋቸው እየዛቁ ወደ ሸራው መለሱ። መምሬ ጌጡ ጥምጥማቸው እየወደቀ ሁለት ጊዜ አነሡት። ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፣ በኋላ ግን ሽማግሌ በጉልበቱ ሲሄድ ማየቱ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ አንዷ እዚህም ቀርቷል አባ እያለች ታሳያቸው ጀመር። ዶሮዋም ተመልሳ ከእነሱ ጋር ለቀመች፤ በዚያ ቀን ማንም አላባረራትም።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሙሉቀን የይሻውን ክንድ ይዞ ወደ ኋላ አስቀረው። ጋሼ፣ ይህንን እዚያ እንዳያነሡብኝ አለው። ይሻው ጋቢው ላይ የተጣበቀውን ገለባ እያራገፈ ተሳፈረ። ከዚያ እስከ ሐሙሲት ማንም ስለ አቡጀዲ አላነሣም።

የአቶ በላይነህ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ሙሉቀን እንደ ወጉ መኪናውን ከሩቅ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ አቁሞ ቀረ። ሦስቱ በእግራቸው ገቡ። ሳሎኑ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ሶፋዎቹ በእጅ የተሠራ የዳንቴል ልብስ ለብሰዋል፤ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ለብሶ ከፊቱ ጥቂት ብቻ ይታያል። ወለሉ ላይ ቄጠማ አልተጎዘጎዘም፤ የሰጡ እንዳይመስላቸው መጠንቀቅ መሆኑን ይሻው ተረዳ። አቶ በላይነህ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። መንገድ እንዴት ነበር አሏቸው። ሦስቱም በአንድ አፍ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነበር አሉ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም። ተቀመጡ ሲባሉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። በሳሎኑና በጓዳው መካከል ካለው መጋረጃ ሥር የሴት ጫማ ጫፍ ይታያል። ጫማው አዲስ ነው።

ሐጂ ኢድሪስ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። የቤቱን ክብር አወሱ፣ አሳዳጊዎቿን መረቁ፣ ለልጃችን ልጅዎን ለትዳር ልንለምን መጥተናል ብለው ለይሻው አስረከቡት። አቶ በላይነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁን እንዴት ነው የምታውቁት አሉ።

ይሻው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ረጋ ያለ ልጅ ነው» አለ። «ዓይኑ ከሥራው ላይ…» አለና ቆመ። ቀጣዩን ቃል አጥቶት አይደለም፤ ጠዋት መስታወቱ ፊት አሥር ጊዜ ብሎታል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነው፤ ግን ከቃሉ በፊት ያ ወንበር ታየው፤ እግሮቹ ወደ አራት አቅጣጫ ተበትነው፣ መቀመጫው ሁለት ላይ ተሰንጥቆ። መምሬ ጌጡ ቀጥል ለማለት ጉሮሯቸውን ጠረጉለት። ከኋላው ሐጂ ኢድሪስ ሊጨርሱለት እንደተዘጋጁ ትንፋሻቸው ይሰማዋል። ደብረ ታቦር ደግሞ እቴነሽ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ይሻው ጋቢውን ከትከሻው አወረደና አጣጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው፤ ሲሰፋ እንደሚውልበት ቀን።

«አቶ በላይነህ፣ ልጁ ደግ ነው» አለ። «ሥራ አይሰንፍም፣ አይጠጣም፣ እናቱን ይጦራል። ግን መሪ ይዞ ስልክ ያነሳል። ዛሬ ጠዋት ከወረታ ወዲህ ሜዳው ላይ አንድ አባት ሊገድል ነበር። ያተረፈችልን ዶሮ ናት። እኛም አብረነው ተቀምጠን ዝም አልነው፤ እንዲያውም ደውል ያልሁት እኔ ነኝ። ልጅዎን ከዚህ ልጅ አጠገብ ያስቀምጡልኝ ብዬ ዛሬ ቃል መስጠት አልችልም።»

መምሬ ጌጡ ወጣት ነው፣ ይማራል፣ ንስሐም እሰጠዋለሁ ብለው ሊያለሳልሱት ሞከሩ፤ ሐጂ ኢድሪስ ግን ጉልበታቸውን ያሻሉ። አቶ በላይነህ ዓይናቸውን ከፈቱ። ወደ ይሻው ሳይሆን ወደ መጋረጃው አዩ።

«ፋሲካ፣ ጠዋት ሙሉ ስታወሪ ያረፈድሽው ከማን ጋር ነው?»

ጫማው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። «እኔ ነኝ የምደውልለት አባ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «መንዳቱን እያወቅሁ ነው።»

አቶ በላይነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሶፋው ተነሥተው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ፤ አሁን አራቱም ቋሚ ሆኑ። ብዙ ሽማግሌ መጥቶብኛል አሉ፣ አንዱ ልጁ ሐኪም ነው ይላል፣ አንዱ ሁለት ቤት አለው ይላል፤ የልጁን ጉድፍ በእጁ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ግን ገና ዛሬ አየሁ። ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን እሺታ አልነበረም። ከዘመድ እመክራለሁ፣ ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ አሉ። «እሱ ራሱ ይንዳችሁ። መጥታችሁ እንዴት እንደ ነዳ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያን ጊዜ እናያለን።» ከዚያ ተቀመጡ አሏቸው። ሦስቱ ተቀመጡ፣ ለሐጂ ኢድሪስ ማርና ዳቦ፣ ለሁለቱ ጠላና ሽሮ መጣ፤ ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፣ ከመጋረጃው ኋላ የሠራችው ሰው ልቧ ሌላ ቦታ እንደ ነበረ ሁለቱም አወቁና አንድም ቃል ሳይናገሩ በሉት።

ሙሉቀን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ መኪናውን ተደግፎ አገኙት። መንገር አላስፈለጋቸውም፤ ፋሲካ በቴሌግራም ቀድማቸዋለች። በሩን ከፈተላቸው፣ ሐጂ ኢድሪስን ደግፎ ከኋላ አስቀመጠ፤ ለምን ከኋላ እንደሆኑ ሲጠይቃቸው፣ የዛሬውን ፍሬን ረግጬ ጨርሻለሁ፣ ተራው የይሻው ነው አሉት። ይሻው ከፊት ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። ሙሉቀን እጁን ለጥቂት ጊዜ አየው፤ ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ስልኩ ሞቋል። መኪናውን አስነሥቶ ቀስ ብሎ ከገበያው አወጣቸው። ከሙሉ ልብሱ ትከሻ ላይ አንድ ስፌት ተተርትሯል፤ ሩዝ ሲዝቅ ሳይሆን አይቀርም።

«እናቴን ምን ሊሏት ነው?» አለ መጨረሻ ላይ።

ይሻው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከመስኮቱ ውጭ ከብት ከውኃ ይመለሳል፤ ሙሉቀን ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ቀነሰላቸው፣ የመጨረሻዋ ጥጃ መንገዱን እስክትሻገር ቆመ፤ ጥጃዋም እንደ ሰው ዞራ አየችው። መምሬ ጌጡ ከኋላ፣ ይኸው መንዳት ያውቃል እኮ አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ነገር ግን የሁሉም ትከሻ ትንሽ ወረደ። ሜዳውን አለፉ። ወረታን አለፉ። ቁልቁለት የነበረው አሁን ዳገት ሆኖ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ በይሻው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረና ጮኸ። ማን እንደሆነች ሳያይ አወቀ። የሙሉቀን ቀኝ እጅ ከመሪው ተነሣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ መሪውን ያዘ። ዓይኑን ግን ከመንገዱ አላነሣም። ስልኩ ጮኸ ጮኸ፣ ዝም አለ። እንደገና ጀመረ።

ይሻው አነሣው። ልጄ ሰጡን ወይ አለች እቴነሽ፣ የማንን ድምፅ እንደምትሰማ ሳትጠብቅ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ልጁ እየነዳ ነው» አላት።

ለእሑድ ቀጠሩን አላት። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀጠሮ የሰጠ አባት ግማሹን ሰጥቷል ማለት ነው ብላ ነው። ከዚያ ድምፁ አላማራት ኖሮ፣ ምን ጉድለት አወጡለት ልጄን አለችው። እነሱ አይደሉም ያወጡለት፣ እኔ ነኝ አላት። አልለካም፣ አልቆረጠም፤ ሸራውን፣ ወንበሩን፣ ዶሮዋን፣ አባ አዳነ ስለ ደም ዕርቅ ያሉትን፣ ሳሎኑ ውስጥ የተናገረውን ሁሉ እንደ ወረደ ነገራት። በሕይወቱ ለእኅቱ እሺ ያልሆነ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሙሉቀን አጠገቡ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል፤ ከንፈሩን ነክሶ ዳገቱን ይወጣል። ይሻው ሲጨርስ ከወዲያ ምንም አልመጣም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ አልተቋረጠም። ከእቴነሽ ግቢ የጎረቤት ሴት ልጇን ስትጠራ ይሰማል።

«ይሻው» አለች መጨረሻ ላይ። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። «እኔ እኮ ልጄ የትም ይሁን የት በመጀመሪያው ጥሪ ነው የሚያነሳልኝ እያልሁ የሰፈሩን እናት ሁሉ ሳስቀና ነው የኖርሁ።»

ከዚያ እንደ ልማዷ «አሁን የት ደረ…» ብላ ጀመረችና፣ ቃሉን ሳትጨርሰው፣ ደህና ግቡም ሳትል፣ ስልኩን ራሷ ዘጋችው።